የሒሳብ ትምህርት ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን

ይህ ጽሑፍ ለአንባብያን በሚደርስበት በዕለተ እሑድ፣ ከከሚሴ በስተደቡብ በአውራ ጎዳናው ላይ በምትገኘው በሰንበቴ ገበያው ቆሟል። ከደጋ የወረደው ገበሬ፣ የቆላው ኦሮሞ፣ አርጎባውና ከአዋሽ ወገን የመጣው አፋር በአንድ ሜዳ ተገናኝተው ይሸጣሉ፣ ይለውጣሉ። በዚህ ገበያ ዳር ለቆመ ሰው ከሁሉ የሚያስደንቀው የልጆቹ ሒሳብ ነው። ፍየል እየነዳ የመጣ የ13 ዓመት ልጅ ዋጋ ይጠራል፤ ሲከራከሩት ጥቂት ይቀንሳል፤ ከዚያ በታች ቢወርድ እንደሚከስር ስለሚያውቅ አንገቱን ነቅንቆ እምቢ ይላል። ከሽያጩ ላይ ጨውና ዘይት ገዝቶ ስንት ወደ ቤት እንደሚመልስም ወረቀት ሳይዝ፣ እርሳስ ሳይጨብጥ ያውቀዋል። ነገ ሰኞ ደግሞ በባቲ ገበያ የሚታየው ይኸው ነው።

ዳሩ ግን ይኸው ልጅ በማግሥቱ ከክፍል ገብቶ፣ «የአንድ ዕቃ ዋጋ 15 በመቶ ቢቀነስ አዲሱ ዋጋ ስንት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሲያይ፣ እርሳሱን አስቀምጦ የጎረቤቱን ደብተር መመልከት ይጀምራል። ራሱ አልተለወጠም፤ ትናንት በገበያ ያሰላው አእምሮ ዛሬም ከእርሱ ጋር ነው። ታዲያ በገበያውና በክፍሉ መካከል የጠፋው ነገር ምንድን ነው? በዛሬው ሐተታችን ልንመረምረው የምንፈልገው ይህን ነው።

ነገሩ የአንድ ወረዳ ወይም የአንድ ዞን ችግር ብቻ እንዳልሆነ አስቀድመን እናስታውስ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር፣ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከአሥር ተፈታኝ ዘጠኙ አሁንም ከግማሽ በታች መሆኑን አይሸፍንም። እነዚህ ቁጥሮች የሁሉም የትምህርት ዓይነት ድምር ናቸው እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደሉም። የሆነ ሆኖ ሒሳብ በተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ያለ ተማሪ ሁሉ የሚፈተነው ትምህርት ነው። በዚህ ላይ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ኢኮኖሚክሱም በሒሳብ ትከሻ ላይ የቆሙ ስለሆኑ፣ በሒሳብ የወደቀ ተማሪ በአንድ ትምህርት ብቻ ወደቀ ማለት አይቻልም።

ፈተናው በ12ኛ ክፍል ቢታይም ውድቀቱ የሚጀምረው ከዚያ አስቀድሞ ነው። ሒሳብ እንደ ሰንሰለት ነው፤ ክፍልፋይን ያላወቀ ልጅ መቶኛን አያውቅም፤ መቶኛንና ንጽጽርን ያላወቀ ደግሞ በ9ኛ ክፍል የሚመጣውን ሁሉ በጭፍን ይቀበላል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መካከለኛ ደረጃ የተባሉት የ7ኛና የ8ኛ ክፍሎች የሰንሰለቱ ቀጭን ቀለበት ናቸው። ልጁ ከሚታየው ቁጥር ወደማይታየው ፊደል፣ ማለት ወደ አልጀብራ የሚሻገረው በእነዚህ ዓመታት ነውና።

አሁን በብዙ ክፍሎች የሚደረገውን እንመልከት። አስተማሪው ይገባል፤ ቀመሩን በጠመኔ ይጽፋል፤ አንድ ምሳሌ ሠርቶ ያሳያል፤ ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፤ የቤት ሥራ ይሰጣል፤ ደወል ይደወላል። ተማሪው ቀመሩን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ ነገር ግን ከወዴት እንደመጣና ለምን እንደሚያገለግል ቢጠየቅ መልስ የለውም። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሀብት ነው። የጨፋ ልጅ ላም ምን እንደሆነች ከማንም ይበልጥ ያውቃል፤ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ግን የሰማይዋን ላም ነው።

ለዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው መድኃኒት በተግባር ማስተማር የሚባለው ዘዴ ነው። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ሲደባለቅ ይታያል። አንዳንዱ ጨዋታ ይመስለዋል፤ ሌላው ተማሪዎችን በቡድን ማስቀመጥ ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ በምሳሌ እናቅርብ።

የጨፋ ሸለቆ ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ሰፊ ሣራም ሜዳ ነው። በበጋ ወራት ከአፋር ወገን ሳይቀር ከብት ወደዚህ ይመጣል። አስተማሪው ለተማሪዎቹ እንዲህ ይበላቸው፤ «አንድ ከብት አርቢ 40 ሜትር አጥር የሚያጥርበት እሾህ አለው። አራት ማዕዘን የሆነ በረት ሊሠራ ይፈልጋል። ብዙ ከብት እንዲይዝለት ወርዱንና ርዝመቱን ስንት ስንት ያድርገው?» ከዚያም ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ገመድ ሰጥቶ ወደ ግቢው ያውጣቸው። የገመዱ 40 ክንድ ለሥራው ይበቃል። አንዱ ቡድን 1 በ19 ይሠራል፤ ስፋቱ 19 ይሆናል። ሌላው 5 በ15 ይሠራል፤ 75 ያገኛል። ሌላው 8 በ12 ሠርቶ 96 ያገኛል። 10 በ10 የሠራው ቡድን 100 ያገኛል። እሾሁ ያው 40 ሜትር ሲሆን አንዱ በረት ከሌላው አምስት እጥፍ የሚበልጥ መሆኑን ልጆቹ በዓይናቸው ሲያዩ፣ ዙሪያና ስፋት አንድ ነገር እንዳልሆኑ ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። እንዲያውም ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቹ ወደ ክፍል ተመልሰው ያገኙትን በሠንጠረዥ ይጽፋሉ። ከዚያም አስተማሪው «ወርዱ ኤክስ ቢሆን ርዝመቱ ስንት ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። ሠንጠረዡን የሞላ ልጅ «20 ሲቀነስ ኤክስ» ማለት አይከብደውም፤ ደጋግሞ የሠራው ነገር ነውና። ስፋቱም የሁለቱ ብዜት ይሆናል። እነሆ በ9ኛ ክፍል ብዙውን ተማሪ የሚያስፈራው የካሬ እኩልታ ከእሾህ አጥር ውስጥ ወጣ ማለት ነው። ብልህ አስተማሪ ደግሞ ጥያቄውን በዚህ አይተወውም፤ «በአንድ ወገን ቦርከና ቢኖርና በዚያ በኩል አጥር ባያስፈልግስ?» ይላል። ብዙዎቹ ተማሪዎች እንደ ቀድሞው አራቱም ጎን እኩል የሆነው ይሻላል ብለው ይቸኩላሉ። እርሱ ግን 178 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም። ወርዱ 10፣ በወንዙ ትይዩ ያለው ርዝመት 20 ሲሆን ግን 200 ካሬ ሜትር ይገኛል። በዚህ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ የሚነሣው ክርክር ከአሥር ክፍለ ጊዜ ገለጻ ይበልጣል።

ከዚህ ምሳሌ የምንረዳው ዋና ነገር፣ በተግባር ማስተማር ሦስት እርምጃ ያለው መሆኑን ነው። መጀመሪያ ልጁ የሚያውቀው እውነተኛ ጥያቄ አለ፤ ቀጥሎ በእጁ ይሠራዋል፤ በመጨረሻ የሠራውን ወደ ሒሳብ ቋንቋ ይተረጉመዋል። ሦስተኛው እርምጃ የቀረ እንደሆነ ልጆቹ በገመድ ተጫውተው ወደ ቤት ሄዱ እንጂ ሒሳብ ተማሩ አይባልም። ዘዴው በብዙ ቦታ ስሙን ያጠፋው ይህ እርምጃ ስለሚዘለል ነው።

የጨፋ ሸለቆና አካባቢው ለእንደዚህ ያለው ትምህርት ከመጽሐፍ ይልቅ ባለጸጋ ነው። ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም እንደመሆኑ መጠን፣ ከ40 በግ አንድ በግ፣ ከ40 ብር አንድ ብር ለዘካ እንደሚወጣ ልጆቹ ከቤታቸው ይሰማሉ። አንድ አርባኛ ማለት 2.5 በመቶ መሆኑን ለማስተማር ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከየት ይመጣል? የውርስ አከፋፈሉ ደግሞ ራሱን የቻለ የክፍልፋይ ትምህርት ነው። አንድ ሰው ዕዳም ኑዛዜም ሳይኖርበት፣ ወላጆቹ ቀድመውት ሞተው፣ ሚስት፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ቢሞትና 40 ከብት ቢኖረው፣ ለሚስቱ አንድ ስምንተኛ ይደርሳታል፤ ይኸውም 5 ነው። የቀረው 35 ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ እጅ እየሆነ በአምስት ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ወንድ 14፣ ለሴቲቱ 7 ይሆናል። አምስት፣ ሁለት ጊዜ አሥራ አራትና ሰባት ሲደመር 40 ይሞላል። የሃይማኖቱን ሕግ የሚያስተምሩት ሼኾች ናቸው፤ የሒሳብ አስተማሪው ድርሻ ግን እነርሱ ሲሠሩበት የኖሩት ክፍልፋይ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ክፍልፋይ ራሱ መሆኑን ማሳየት ነው።

ስለ ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ማስተማር ሲያስፈልግም የሚያስፈልገው ዱላና ፀሐይ ነው። የአንድ ሜትር ዱላ 60 ሳንቲ ሜትር ጥላ በሚጥልበት ሰዓት፣ የአንድ መስጊድ ሚናራ በደልዳላ መሬት ላይ 9 ሜትር ጥላ ቢጥል፣ ከፍታው 15 ሜትር ነው። ማንም ሰው መሰላል አልወጣም፤ ከሒሳብ በቀር የተከፈለ ዋጋም የለም። ይህን በእጁ የለካ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን አልተደረገም የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአፍሪካ መንግሥታት ስለ ትምህርት መስፋፋት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1961 በአዲስ አበባ ከመከሩ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዑጋንዳ በእንቴቤ ከተማ ለአፍሪካ ትምህርት ቤቶች የሚሆን አዲስ የሒሳብ መጽሐፍ ዝግጅት ተጀመረ፤ ኢትዮጵያም ከተሳታፊዎቹ አንዷ ነበረች። ይሁን እንጂ አዲሱ መጽሐፍ በአሮጌው ሽምደዳ ፋንታ ስለ ስብስብ የሚናገር ሌላ ረቂቅ ነገር ይዞ ስለመጣ፣ የገጠሩ ልጅ ከሰማይዋ ላም አልተላቀቀም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ተማሪው ችግር ፈቺ እንዲሆን አዘዘ። ወደ 1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተዘረጋው የፕላዝማ ትምህርት ግን በተቃራኒው መንገድ ሄደ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው የእንግሊዝኛ ትምህርት በሳተላይት ይመጣ ነበር፤ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል የሚናገረው ቴሌቪዥኑ ሲሆን፣ አስተማሪው መክፈቻና መደምደሚያ ብቻ ተረፈለት። ቴሌቪዥን ደግሞ ልጁ አልገባኝም ሲል አይሰማም።

ለእኛ ጉዳይ በጣም የቀረበው ግን ሌላ ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን መንግሥት ርዳታ የሒሳብና የሳይንስ አስተማሪዎችን የሚያሠለጥን ሥራ ተጀመረ። መመሪያው በአራት ቃላት ይጠቃለል ነበር፤ ተግባር፣ ተማሪ፣ ሙከራ፣ በአካባቢ በተገኘ ዕቃ መጠቀም። ይህ ልምድ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 በአማራ፣ በኦሮሚያና በአዲስ አበባ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሒሳብና የሳይንስ አስተማሪዎች በሙከራ ተሰጠ። የክፍሎቹ ምርጫ ትክክል ነበር፤ የአካባቢን ዕቃ ተጠቀሙ ማለቱም ትክክል ነበር። ቢሆንም በኢትዮጵያ የውጭ ርዳታ ያለበትን ሥራ ሁሉ የሚያሠጋው ነገር እዚህም ያሠጋል፤ ሥልጠናው ከላይ ወደ ታች በደረጃ ሲወርድ በየደረጃው እየቀጠነ ይሄዳል፤ የጊዜ ገደቡ ሲያልቅ የሚጠይቅም የሚቆጣጠርም አይገኝም። አስተማሪው ከሥልጠና ተመልሶ ብቻውን ሲቀር፣ ርእሰ መምህሩ የሚጠይቀው ስንተኛው ምዕራፍ እንደደረሰ እንጂ ልጆቹ ምን እንደተረዱ ባለመሆኑ፣ ወደ ጠመኔውና ወደ ቀመሩ ይመለሳል። በዚህ ሰውዬውን መውቀስ አይገባም፤ ሥርዓቱ የሚቆጥርለት ምዕራፍን ነውና።

የአስተማሪዎቹ ተቃውሞ ሦስት ነው። አንደኛው የተማሪው ብዛት ነው። በእውነቱ 60 ልጆችን በአንድ ክፍል ይዞ ማስተማር ከባድ ነው፤ ነገር ግን 60 ልጆች ስድስት ስድስት ሆነው ቢቀመጡ አሥር ቡድን ይሆናሉ፤ አሥር ሥራ መመልከት 60 ደብተር ከመመልከት ይቀላል። ሁለተኛው የጊዜ ማጠር ነው። ይህ እውነት አለው፤ ሁሉም ትምህርት በገመድና በዱላ ይሰጥ ብሎ የሚያዝ ሰው ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኛ የምንለው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ለዚያውም አዲስ ሐሳብ በሚጀመርበት ቀን ይሁን ነው። የቀረው ጊዜ ለልምምድ ይሁን፤ የማባዣ ሠንጠረዥን በቃል መያዝም አይቅር። ማስተዋልና መለማመድ ጠላቶች አይደሉም።

ሦስተኛው የቋንቋ ችግር ነው፤ በጨፋ ሸለቆም ክብደት ያለው እርሱ ነው። በዞኑ በአንደኛ ደረጃ በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ፣ በቤቱና በገበያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያሰላ ልጅ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስለዚህ ጥያቄውን የሳተው ሒሳቡን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወይስ ዐረፍተ ነገሩን ሳያነብ ቀርቶ ነው የሚለውን መለየት ያስቸግራል። በተግባር የሚሰጠው ትምህርት የሚጠቅመው በዚህ ነው። ልጁ በረቱን በራሱ ቋንቋ ተከራክሮ ከሠራ በኋላ የእንግሊዝኛው ቃል ሲመጣለት፣ ቃሉ ለሚያውቀው ነገር የተሰጠ ስም ይሆንለታል፤ ባዶ ድምፅ አይሆንበትም።

ከዚህም በቀር ልንዘነጋቸው የማይገቡ ልጆች አሉ። በቡድን ሥራ ጊዜ ወንዶቹ ገመዱን ይይዛሉ፤ ሴቶቹ ጸሐፊ ሆነው ይቀመጣሉ። አስተማሪው ካልተቆጣጠረ የቤቱ ልማድ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ስለዚህ የሥራው ድርሻ በየሳምንቱ መለዋወጥ አለበት። በበጋ ከብት ተከትሎ የሚሄደው ልጅ ደግሞ አንድ ወር ቀርቶ ሲመለስ የሰንሰለቱ ቀለበት ተቆርጦበት ያገኘዋል። በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው የተነሣው ግጭትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ከሚሴ የደረሰው ጦርነት ስንት የትምህርት ቀን እንዳባከኑ የዞኑ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። በእነዚያ ዓመታት በአንደኛ ደረጃ የነበሩት ልጆች ዛሬ በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ተቀምጠዋል። ያልተማሩትን ክፍልፋይ እንዳወቁት ቆጥሮ አልጀብራ መጀመር፣ መሠረት የሌለውን ቤት ጣሪያ ማልበስ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእኛ አስተያየት ሦስት ነው። መጀመሪያ፣ በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሒሳብ አስተማሪዎች በወር አንድ ቀን ተሰብስበው፣ አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ከኋላ ተቀምጠው ይመልከቱ፤ ከዚያም ሰውዬውን ሳይሆን ትምህርቱን ይተቹ። ጃፓኖች በዚህ ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርተውበታል፤ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ትሕትና ነው። ሁለተኛ፣ የወረዳና የዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ተቆጣጣሪዎች ምዕራፍ መቁጠራቸውን ቀንሰው፣ አንድ ተማሪ አስነሥተው «ይህ ቀመር ለምን ልክ ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ሦስተኛ፣ የ8ኛ ክፍል ፈተና ለማስተዋል ነጥብ ይስጥ። አስተማሪ የሚያስተምረው ለሚፈተነው ነው፤ ፈተናው ቀመር ብቻ እስከ ጠየቀ ድረስ ገመዱ ከሳጥን አይወጣም።

ይህ ሁሉ ቢደረግ የፈተናው ውጤት በአንድ ዓመት ይሻሻላል ብለን ተስፋ አንሰጥም። ዛሬ በ7ኛ ክፍል የተቀመጠው ልጅ የ12ኛ ክፍልን ፈተና የሚቀመጠው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ የዘራነውን የምናጭደው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን ልጁ ከባዶ እንደማይጀምር እናውቃለን። ዛሬ በሰንበቴ ገበያ ፍየሉን እየነዳ የሚከራከረው እርሱ ነው። ነገ ክፍል ሲገባ ያንን ሒሳቡን በር ላይ ጥሎት እንዳይገባ ማድረግ ግን የእርሱ ሥራ አይደለም፤ የአስተማሪው፣ የተቆጣጣሪውና ፈተናውን የሚያወጣው ሰው ሥራ ነው።